አንኮበር ላይ ስንት አምፔር ሰዓት ይበቃል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሜዳ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ እረኛ። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። አንኮበር ያለችው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ከጀርባዋ የሸዋ ደጋ፣ ከፊቷ ወደ አልዩ አምባ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ገደል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ካለ ዓይን እስኪደክም ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ከቆላው ጉም ይነሳና ሁሉንም ይሸፍነዋል።

የሸዋ ነገሥታት እዚህ የተቀመጡት ከታች የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ለማየት ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ነበረች፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት ግቢያቸው እዚሁ አንኮበር ኮረብታ ላይ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ ኋላ የምድር ባቡሩን ውል የተቀበለው ሰው፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ምኒልክን ሊያገለግል የመጣው ወደዚህ ነው። በዚያ ዘመን ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ ዕቃ ቆላውን በግመል አቋርጦ ዳገቱን በበቅሎና በሰው ጫንቃ ይወጣ ነበር። ዛሬም መኪናው ከቆመበት እስከ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አናት ያለው መንገድ የእግር ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ትንፋሽ ያስቆጥራል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ትንሽ ናት። በአጭር ሞገድ የሚሠራ መገናኛ ሬዲዮ በጀርባ ቦርሳ ይዞ ወደዚያ አናት የሚወጣ አማተር ስንት አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ይያዝ? በየመጽሐፉ የሚገኘው መልስ የተሰላው ለሌላ አገር ኮረብታ ነው። እዚህ ሲመጣ ሒሳቡ ይዛባል፤ የሚዛባባቸውም ቦታዎች አስገራሚ ናቸው።

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈተና አልፎ ፈቃድ ያገኘ ሰው ለንግድ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለወዳጅነት ሲል ከሌላው ዓለም ጋር በሬዲዮ የሚገናኝበት ሥራ ነው። በአገራችን የታወቀው ጣቢያ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፤ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አምስት ኪሎ ግቢ ይገኛል፤ የጥሪ ምልክቱ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ ነው። ኢ-ቲ የሚለው መነሻ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተመደበ ነው። ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረውና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ማስተላለፍም ሆነ መሣሪያውን በጉምሩክ ማስገባት ጣጣ አለው። ደግሞም ሰሜን ሸዋ ውስጥ ረጅም ሽቦና ሬዲዮ ይዞ ተራራ ላይ የሚወጣ ሰው ፈቃዱን በኪሱ ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። ቀበሌውና ፖሊስ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። ባትሪ መምረጥ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ወደ ሒሳቡ ስንገባ የመጀመሪያው ስህተት ዋት መቁጠር ነው። ሰው ባትሪ ሲያስብ ሬዲዮው ስንት ዋት ያወጣል ብሎ ይጀምራል። አማተር ግን ኮረብታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው እያዳመጠ ነው። በገጠር ቤት ሬዲዮ ይዘው የኖሩ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅ ሬዲዮው ለዜና ይከፈታል፣ ዜናው ሲያልቅ ይዘጋል፣ የደከመው ድንጋይ ደግሞ ትንሽ እንዲያገግም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያ ሬዲዮ አንድ ቃል እንኳ አያስተላልፍም። የሚበላው በማዳመጥ ብቻ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በገበያ ላይ ያሉት አነስተኛ የጉዞ ሬዲዮዎች ሲያዳምጡ ከ0.15 እስከ 0.5 አምፔር ይወስዳሉ። የእኛ 0.4 አምፔር ይውሰድ፤ 10 ዋት ሲያስተላልፍ 2.5 አምፔር ይሳብ። ንግግር ሲተላለፍ ኃይሉ ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል አማካዩ ወደ 1.3 አምፔር ይወርዳል። ኮረብታው ላይ አራት ሰዓት እንቆያለን እንበል። የተለመደው የመጽሐፍ ግምት ከጊዜው 20 በመቶውን ታወራለህ፣ 80 በመቶውን ታዳምጣለህ ይላል። ስለዚህ ለማዳመጥ 3.2 ሰዓት በ0.4፣ ይህ 1.28 አምፔር ሰዓት ነው። ለማውራት 0.8 ሰዓት በ1.3፣ ይህ 1.04። ድምሩ 2.3 ገደማ። ከግማሽ በላዩን የበላው ዝም ብሎ መቀመጥ መሆኑን ልብ ይሏል። የስክሪኑን መብራት መቀነስ፣ በድምፅ ማጉያ ፋንታ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ትርፍ ጥንቃቄ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡ የሚዛባበት ቦታ መጣ። 20 በመቶ የሚለው ግምት የተሠራው ጀርመን ወይም አሜሪካ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነው። እዚያ አማተር በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ይቆጠራል፤ አንዱ ቢጠራ ሌላው ላይሰማው፣ ቢሰማውም ላይመልስለት ይችላል። ከኢትዮጵያ የሚጠራ ሰው ግን ብርቅ ነው። በኢ-ቲ የሚጀምር ጥሪ በአየር ላይ ሲሰማ ከአውሮፓ፣ ከጃፓን፣ ከአሜሪካ ጥሪው በላይ በላዩ ይደራረባል፤ አማተሮቹ ፓይልአፕ ይሉታል። ያኔ ኮረብታው ላይ ያለው ሰው አንዱን ለይቶ ምልክቱን ይደግማል፣ የድምፁን ጥራት በቁጥር ይነግረዋል፣ አመስግኖ ወዲያው ቀጣዩን ይጠራል። ፋታ የለም። የማስተላለፉ ድርሻ ከ40 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። በ45 በመቶ ስናሰላው ለማዳመጥ 0.88፣ ለማውራት 2.34፣ ድምሩ 3.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ያው ሬዲዮ፣ ያው አራት ሰዓት፣ ፍጆታው ግን በ40 በመቶ ገደማ አድጓል። ምክንያቱ የጥሪ ምልክቱ ብቻ ነው።

በኮምፒውተር የሚሠራው ኤፍ-ቲ-8 የሚባለው ዘዴ ከዚህም ይብሳል። በ15 ሰከንድ ተራ ይሠራል፤ ተራው ሲደርስ 12.64 ሰከንድ ሙሉ ያለ ማቋረጥ ይተላለፋል፤ እንደ ንግግር ከፍ ዝቅ የለውም። በየሁለተኛው ተራ የሚያስተላልፍ ሰው በአራት ሰዓት ውስጥ 5.1 አምፔር ሰዓት ይፈጃል፤ ላፕቶፑ ሳይቆጠር። ሬዲዮው ስለሚሞቅም ብዙዎች ኃይሉን ወደ ግማሽ ያወርዱታል፤ ደግም ያደርጋሉ።

ስለዚህ ሦስት ቁጥር ይዘናል፦ 2.3፣ 3.2፣ 5.1። እነዚህ ሬዲዮው የሚፈልጋቸው ናቸው። ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሌላ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ነው፤ ሰው ደረቅ ባትሪ ይለዋል እንጂ ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ያልፋል። 7 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ፣ በ0.35 አምፔር፣ በክፍል ሙቀት ሲወጣ ነው። በፍጥነት ሲሳብ የሚሰጠው ይቀንሳል፤ በ7 አምፔር ቢሳብ ግማሹን ያህል ብቻ ሰጥቶ ይወድቃል። በዚያ ላይ እስከ መጨረሻው የሚሟጠጥ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው በጣም ያጥራል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ከግማሹ አያልፍም። ብርዱ ደግሞ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር የደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ የታወቀ ነው። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የእርሳስ ባትሪ ከተጻፈበት 80 በመቶውን ያህል ነው የሚሰጠው። ግማሹን በ0.8 ስናባዛው 0.4፤ ሰባቱ አምፔር ሰዓት አንኮበር ጠዋት ላይ 2.8 ሆነ ማለት ነው። ዝግ ላለው ቀን፣ ለ2.3ቱ፣ ይበቃል። ጥሪ ለሚደራረብበት ቀን፣ ለ3.2ቱ፣ አይበቃም።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ይህን ሒሳብ ይለውጠዋል። 6 አምፔር ሰዓት ያለው ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። 80 በመቶውን ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል፤ በእንክብካቤ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ቻርጅ ይደረጋል። ለብርዱ አንድ አስረኛ ብንቀንስ 6ቱ 4.3 ይሰጠናል፤ 3.2ቱን ሸፍኖ ይተርፈዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ቮልቴጁ ነው። አብዛኞቹ ሬዲዮዎች የተሠሩት ለ13.8 ቮልት ሲሆን ብዙዎቹ ከ11.7 በታች ሲወርድ ማስተላለፍ ያቅታቸዋል ወይም ይጠፋሉ። የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ 12.7 ነው፤ ግማሽ ሲደርስ 12.1 አካባቢ ይሆናል፤ ማይክራፎኑ ሲጫን ደግሞ ከዚያም ይንሸራተታል። ያኔ ባትሪው ውስጥ ኃይል እያለ ሬዲዮው አበቃልኝ ይላል። ሊቲየሙ ግን እስከ መጨረሻው አካባቢ 13 ቮልት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ቀጥ ብሎ ስለሚቆይ በቴስተር ለክቶ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ አይቻልም። የተወሰደውን አምፔር ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ መለኪያ መግዛት ግድ ነው።

ሌላም ጠባይ አለው፤ ለደጋ ሰው ይህ ዋናው ነው። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ኃይል ሲሰጥ ብርዱን ይችላል፤ ሲሞላ ግን አይችልም። ሊቲየሙ በብረትነት ውስጡ ይጋገርና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። ችግሩ የሚመጣው በታኅሣሥ ማለዳ ነው። ባትሪው በድንኳን ወይም በመኪና ውስጥ ውርጭ ሲመታው አድሮ ፀሐይ ስትወጣ ከሶላሩ ጋር እንደተያያዘ ይገኛል፤ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ባትሪው ግን ገና በረዶ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ይነቀላል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከሰው ጋር ያድራል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት በደብረ ብርሃን አጠገብ ይህ አይቸግርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ 100 ዋት ሬዲዮ ያማትራል። ሒሳቡን እንየው። ሲያዳምጥ 1 አምፔር፣ ሙሉ ኃይሉን ሲያስተላልፍ 20 አምፔር አካባቢ፣ በንግግር አማካዩን 8 እንበል። በዚያው በተደራረበ ጥሪ አራት ሰዓት 16.6 አምፔር ሰዓት ይፈልጋል። በሊቲየም 23፣ በእርሳስ ከ40 በላይ መያዝ ያስፈልጋል፤ 40 ማለት የመኪና ባትሪ ነው። ያን ተሸክሞ የቤተ መንግሥቱን ዳገት መውጣት ለተቀጣ ሰው ካልሆነ አይመከርም። የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ሲታይ ትንሽ ነው። ከ10 ወደ 100 ዋት መውጣት 10 ዴሲቤል ነው፤ ሌላው ዳር ያለው ሰው ሬዲዮ ላይ መርፌው ሁለት ምልክት እንኳ አይሞላም።

ያንን ትርፍ ከሽቦ ማግኘት ይቻላል፤ ሽቦ ደግሞ አይከብድም። ለ7.1 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ የሚሆን አንቴና 20 ሜትር ገደማ ሽቦ ነው፤ መሃሉን ባህር ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሁለቱን ጫፍ ወደ ታች መወጠር ነው። አንቴናው ከፍ ሲል ሞገዱ ወደ ሩቅ ይሄዳል፤ ዝቅ ሲል ሞገዱ ወደ ላይ ተኩሶ ከአየሩ ጣሪያ ተመልሶ ቅርብ ይወርዳል። አንኮበር ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በመሃል ደጋው ስለሚጋርድ የእጅ ሬዲዮ አይደርስም። በቀን በ7 ሜጋኸርዝ ዝቅ ባለ ሽቦ ግን በጥቂት ዋት ሊደረስ ይችላል። በቆላው በኩል ነገሩ ተቃራኒ ነው። ገደሉ የሚያወርደው 1,500 ሜትር ብቻ ነው ብንል እንኳ የሬዲዮው አድማስ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አንዲት የእጅ ሬዲዮ አናቱ ላይ ቆማ ቆላውን ታካልለዋለች። ከፍታው ራሱ ኃይል ነው። ይህን ያላሰላ ሰው ሳያስፈልገው ተጨማሪ ባትሪ ይሸከማል።

ከባትሪው እስከ ሬዲዮው ያለችው ሽቦም ትበላለች። ኤሌክትሪሺያኖች 2.5 የሚሉት ሽቦ በሜትር 7 ሚሊ ኦም ገደማ ነው። ባትሪው ሁለት ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ አራት ሜትር፣ 28 ሚሊ ኦም። በ20 አምፔር ግማሽ ቮልት እዚያው ይቀራል። በ2.5 አምፔር ግን 0.07 ቮልት ብቻ ነው። አነስተኛ ሬዲዮ ቀጭን ሽቦንም ይታገሣል።

መርካቶ የሚገዛ ሰው የተጻፈውን ማመን የለበትም። 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የሚሸጥ 18650 የሚባል ክብ የሊቲየም ድንጋይ ያየ ሰው ሊስቅ ይገባዋል፤ በዓለም ላይ ደህና የሚባለው ከ3,500 ብዙም አያልፍም። የዩፒኤስ ባትሪም መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ቮልቱን ብቻ በቴስተር ማየት አይበቃም፤ የሞተ ባትሪም ያለ ሥራ 12.6 ያሳያል። የሚያዋጣው ማሠራት ነው። ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ከሆነ በኋላ የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ 21 ዋቱ፣ ሁለቱ ፖል ላይ ይታሰራል፤ ወደ 1.75 አምፔር ይስባል። ሰዓት ይያዛል፤ ቴስተሩ በየሩብ ሰዓቱ ይነበባል። ደህና የሆነ ባለ 7 እስከ 10.5 ቮልት ለመውረድ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። በአንድ ሰዓት ተኩል የወደቀ ባትሪ ባለ 7 አይደለም፤ ምን ተጻፈበትም። አምፖሉ ደብዘዝ ማለቱን ለማየት ዓይን አይታመንም፤ ቀስ ስለሚል ይለመዳል። ወደ 10.5 ሲጠጋ ቁጥሩ በድንገት መንሸራተት ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ፈጥኖ መንቀልና ወዲያው መልሶ መሙላት ያስፈልጋል።

ከውጭ የሚያስመጣ፣ ወይም ከዘመድ የሚያስልክ ሰው ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጠብቀዋል። በአውሮፕላን የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ለመንገደኛ አይሆንም። ዋት ሰዓት ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። 6 አምፔር ሰዓት በ12.8 ሲባዛ 76.8፤ ያልፋል። 8 አምፔር ሰዓት 102.4 ነው፤ በሁለት ነጥብ አራት ምክንያት ፈቃድ ያስጠይቃል። 12ቱ 153.6፤ በፈቃድ። የ100 ዋቱ ሬዲዮ የሚፈልገው 23 ወደ 294 ይደርሳል፤ እርሱ ጭነት ነው።

ሶላር ያድናል ወይ? ኢትዮጵያ ፀሐይ አልጎደለባትም፤ በአማካይ በቀን በካሬ ሜትር ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ታገኛለች። ባለ 20 ዋት ታጣፊ ሶላር ደህና ፀሐይ ሲመታው 1 አምፔር ያህል ይሰጣል፤ የእኛን ሬዲዮ የማዳመጥ ፍጆታ ችሎ ይተርፈዋል። አንኮበር ላይ ግን ጉሙ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳ የማለዳውን ነው መቁጠር ያለብን፤ ማለዳ ደግሞ ባትሪው ቀዝቃዛ ነው። ርካሽ የሶላር መቆጣጠሪያ በአጭር ሞገድ ላይ ጩኸት ይለቃል፤ ደካማ ጣቢያ ለመስማት የሄደ ሰው መንቀሉ አይቀርም። ለአራት ሰዓት ጉዞ ሶላር ባልይዝ እመርጣለሁ። ለሦስት ቀን ግን ሌላ ነው።

እኔ ለዚያ ኮረብታ ብጠየቅ ባለ 10 ዋት ሬዲዮና ሁለት ባለ 6 አምፔር ሰዓት ሊቲየም እይዛለሁ፤ አንድ ባለ 12 አልይዝም። ክብደቱ ያው ነው። እያንዳንዱ ግን ቦሌ ላይ ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ጃኬት ውስጥ ይሞቃል፤ አንዱ መንገድ ላይ ቢበላሽ ሥራው አይቆምም። ለንግግር ቀን አንዱ ብቻውን ይበቃል። በኤፍ-ቲ-8 ቀን አንዱ አይበቃም፣ ሁለቱ ተርፈው ለስልክ ቻርጅ ይደርሳሉ። የሚቀያየሩት በየተራ ነው፤ ሁለቱን አጣምሮ ማሰር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሁለቱንም ሙሉ ቻርጅ ያድርጋቸው፤ አንዱ ሞልቶ አንዱ ጎድሎ ከተጣመሩ የሞላው ወደ ጎደለው በኃይል ይፈሳል። ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው ፖል ሳይርቅ ይግባ። ለ10 ዋት ባለ 5 አምፔር ይበቃል፤ ሁለት መለዋወጫ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ አንኮበር ላይ ፊውዝ የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ ከአናቱ መውረድ ግማሽ ቀን ይወስዳል።